ቤንዚን የማይደርሰው አሮጌ ትራክተር፦ ካርቡሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

እዚህ አገር ትራክተር ሲባል ሰው የሚያስበው ናፍጣ ነው። እውነቱም እሱ ነው፣ ማሳ ላይ የምናየው አብዛኛው ናፍጣ ነው የሚጠጣው። ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በሆለታ ወይ በሰበታ በኩል ብትዞሩ፣ አንዱ ግቢ ጥግ ላይ ቆርቆሮ ተከልሎለት በቤንዚን የሚሠራ ሽማግሌ ትራክተር ታገኙ ይሆናል። ይሄ ጽሑፍ ለእሱ ባለቤት ነው።

ግራጫዋ ትንሿ ፈርጉሰን ቲኢ20 ናት እንበል። ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ5 መቶ ሺህ በላይ ተመርታለች። የአሜሪካው ፎርድ 8ኤንም ከ1947 እስከ 1952 ባለው ጊዜ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ተሠርቷል። ሁለቱ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከሞተሩ በላይ ነው የተቀመጠው፣ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀሉበት ዕቃ ይወርዳል። ፖምፓ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። ቤንዚኑ የሚያልፍባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ብልሽቱን ግቢያችሁ ውስጥ ሆናችሁ ማግኘት ትችላላችሁ።

ችግሩ የሚመጣው መካኒክ ሲጠራ ነው። የሠፈሩ መካኒክ እጁ የተፍታታው በናፍጣ ነው። ቤንዚን አልመጣ ሲለው «አየር ገብቶበታል፣ እናስተንፍሰው» ይላል። የቤንዚን ትራክተር አይተነፈስም፤ ኢንጀክሽን ፖምፓ የለው፣ ኖዝል የለው። እሱ ካልሠራ ደግሞ በቀጥታ ካርቡሬተሩ ላይ ይወርድበታል። ሃምሳ ዓመት ያልተነካ ቡሎን ይሰበራል፣ ወረቀቷ ጋስኬት ትቀደዳለች፣ ከዚያ አንድ የነበረው ችግር ሦስት ይሆናል። የኔ ምክር አጭር ነው፦ ካርቡሬተር መጨረሻ ነው የሚነካው። ቤንዚኑ ከሰልባትዮ ሲወርድ አብራችሁት ውረዱ፣ የቆመበትን ቦታ ስታገኙ እዚያው ቁሙ።

ከመንካታችሁ በፊት

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይበተንም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። ስለዚህ «እሳቱ እኮ ሩቅ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። በረንዳ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ቡናው ይጠጣ፣ ከሰሉ ይጥፋ፣ ከዚያ ሥራ ይጀመር። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። አሸዋ ወይ ደረቅ አፈር የሞላ ባልዲ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ማስፋት ነው። ሰልባትዮ ውስጥ ለማየት የእጅ ባትሪ እንጂ ክብሪት አይጫርም። ይሄን ምን ያስጽፈዋል የሚል ካለ፣ ሲጭሩ አይቻለሁ።

ሌላው በአፍ ስቦ መቅዳት ነው። ሁላችንም ጋ የተለመደ ነው፣ ግን ትንሽ ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይጎዳል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አታድርጉት፣ በወተትም ጊዜ አታጥፉ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

መያዝ ያለባችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሁለት ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ። ጠርሙሱ መለያው ተልጦ ውስጡ የሚታይ ይሁን፣ ብዙ ነገር የሚነግረን እሱ ነው።

ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?

መጀመሪያ ይሄ ይለይ፤ እሳት የምለው ካንዴላው ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ብልጭታ ነው። ቤንዚን ሲያጣ ሞተሩ ቀስ እያለ ነው የሚሞተው። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ይንገራገጫል፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ማረሻውን ከአፈር ስታነሱለት ትንሽ ይተነፍሳል፣ ስትጭኑት መልሶ ይወርዳል። እሳት ሲቋረጥ ግን መብራት እንደማጥፋት ድርግም ነው የሚለው። ይሄ መቶ በመቶ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ሁለተኛው መለያ ቾክ ነው፣ አየሩን አንቆ ቤንዚኑን የሚያበዛው። ትራክተሩ እየደከመ ሳለ ቾኩን ግማሽ ያህል ሳቡት። ከተሻለው ቤንዚን እያነሰው ነው። ከባሰበትና ጥቁር ጭስ ካስተፋው ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፣ ይሄ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን። ምንም ለውጥ ከሌለው ወደ እሳቱ ሂዱ።

ሦስተኛው ካንዴላ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ አንዱን ፍቱትና ጫፉን እዩ። ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚኑ ደርሷል፣ ያልደረሰው እሳት ነው፣ ወይም ሰጥሟል። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ድብልቁ ወፍሯል፣ ማለትም ለአየሩ ቤንዚን በዝቶበታል። እሳቱን ለማየት የፈታችሁትን ካንዴላ ገመዱ ላይ ሰክታችሁ ብረት አስነኩት፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ሌላ ሰው ይምታ። ይሄን ስትሠሩ የፈሰሰ ቤንዚን አካባቢው መኖር የለበትም፣ ካንዴላውንም ከተከፈተው ቀዳዳ አርቁት።

እዚህ ላይ ሰውን በጣም የሚያሳስት ነገር አለ። ትራክተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ጥላ ስር አሳርፈውት ምሳ በልተው ሲመለሱ ይነሳል። ይሄ የቤንዚንም የኮይልም (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ጸባይ ነው። አርጅቶ ሲሞቅ እሳት የሚያቆም ኮይል አለ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ። ሁለቱን የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚያው በጠፋበት ደቂቃ መፈተሽ። ጎትታችሁ ግቢ አስገብታችሁ፣ መካኒክ ጠርታችሁ፣ በማግስቱ ስትፈትሹት ሁሉም ደህና ይሆናል። ስለዚህ መፍቻውንና ጠርሙሱን ይዛችሁ ማሳ ውጡ፣ ሆን ብላችሁ እስኪጠፋ አሠሩት፣ ሲጠፋ ወዲያው ክዳኑን፣ የቤንዚኑን ፍሰት፣ እሳቱን እዩ።

ሰልባትዮው፦ ክዳንና ውስጡ

ቤንዚን አለ? አትሳቁ። ከሰልባትዮው ሥር ያለው የፎርዱ የቤንዚን መክፈቻ ሁለት ደረጃ አለው። ሁለት ዙር ስትከፍቱት ከዋናው ይሰጣል፣ እስከ መጨረሻው ስትከፍቱት ሪዘርቩን (መጠባበቂያውን) ይለቃል። ዋናው ሲያልቅ ሰልባትዮው ውስጥ ቤንዚን እያያችሁ ሞተሩ ይጠፋል። ሪዘርቭ ያላቸው ሌሎች አሮጌ ትራክተሮችም በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠሩት። ልብ በሉ፣ ሪዘርቩ ከታች ከወለሉ ስለሚቀዳ ዝገቱና ውሃው ያለው እዚያ ነው። ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚነዳ ሰው ቆሻሻውን ቀድሞ ወደ ቱቦው የሚጠራ ሰው ነው።

ቀጥሎ ክዳኑ። ቤንዚን ከሰልባትዮ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፣ ለዚህ ክዳኑ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለ። እሷ በአቧራ፣ በጭቃ ወይም ጎጆ በሠራባት ነፍሳት ከተደፈነች ሰልባትዮው ቤንዚኑን ይዞ አልለቅም ይላል።

ሰንዳፋ በኩል የማውቃቸው አንድ አዛውንት ትራክተር ላይ ያየሁት ጥሩ ማሳያ ነው። ኮይል ተቀይሯል፣ ካርቡሬተር ሁለት ቦታ ተወስዶ ታጥቧል፣ አሁንም ማሳውን ሳይጨርስ ይጠፋል። ሰልባትዮውን ሳይ ዋናው ክዳን የለም። ጠፍቶ ነው። በቦታው ፌስታል እጥፍጥፍ ተደርጎ በላስቲክ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። «ጋሼ፣ እስቲ ሲጠፋ ይቺን ላላ ያድርጓት» አልኳቸው። ሲጠፋ ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርጉት ሽው የሚል ድምፅ ተሰማ፣ አየር ሲገባ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። ያን ሁሉ ወጪ ያስወጣው ፌስታል ነው። እሱ ብቻም አይደለም፣ ከፌስታሉ የተቀደደ ቁራጭ ሰልባትዮው ውስጥ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ቤንዚኑ ሲወርድ ተስቦ መውጫው ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሰቱ ስለሚቆም ተላቆ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ትራክተሩ እንደገና ደህና ይመስላል። ቅጠል፣ የጨርቅ ክር፣ የገለባ ስብርባሪም ያንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ክዳኑን መክፈት ነው። ሽው ካለና ከተሻለው ነገሩ አለቀ፦ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ፣ ክዳን ከሌላችሁ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሶማሌ ተራ ወይ ምናለሽ ተራ ፈልጉ፣ ካጣችሁ ደግሞ የሚገጥም የብረት ክዳን ላይ ቀጭን ቀዳዳ አስበሱለት። መበሳቱ ሰልባትዮው ላይ ሆኖ ሳይሆን ለብቻው ይሁን።

ቤንዚኑ ራሱ ቤንዚን ነው?

ከሰልባትዮው ሥር ትንሽ ወደ ሃይላንድ ቅዱና ጠርሙሱን ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነካ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፣ ድንበሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋችሁ ዘንበል ስታደርጉት ከታች ያለው ለብቻው ይንከባለላል። የተቀመጠው ቤንዚን ደግሞ ሲያረጅ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታው እንደ አሮጌ ቀለም ይሆናል። ወራት የተቀመጠ ቤንዚን ሞተር ለማስነሳት ይለግማል፣ ሲደርቅ ደግሞ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች በሙጫ ይደፍናል።

ከዚያ ቅልቅል አለ። ማደያ ብዙ ጊዜ በጀሪካን አይቀዳም፣ ወይም ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ሰው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ይገዛል። እዚያ ውስጥ ላምባም ናፍጣም ሊኖር ይችላል። ቀላል ፍተሻ አለ፦ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና ነፋስ ላይ አስቀምጡት። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ይጠፋል። ናፍጣ ወይም ላምባ ያለበት ቅባታም ክብ ይተዋል። ላቦራቶሪ አይደለም፣ ግን ነቄ ያደርጋችኋል። ግቢ ውስጥ የናፍጣ መኪናም ካለ ጀሪካኖቹ ላይ በትልቁ ጻፉባቸው፣ ልጅ ተልኮ የሚያመጣው የቀረበውን ነው።

ውሃ ከየት ይመጣል? ከተቀዳው ራሱ ሊመጣ ይችላል። ግማሽ የሆነ ሰልባትዮም ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይይዛል፣ በሱሉልታና በእንጦጦ ጀርባ ብርድ ይሄ ቀልድ አይደለም። በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ መጀመሪያ 5፣ ኋላም 10 በመቶ ኤታኖል ይቀላቀል ነበር። ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮ ላስቲክና የቡሽ ጋስኬትም አይወድለትም። የተበላሸ ቱቦ ስታዩ እድሜ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ዋናው ፍተሻ፦ ፍሰቱን ማየት

አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል የምመርጠው ይሄን ነው።

ካርቡሬተሩ ከሥሩ ማፍሰሻ ቡሎን ካለው ጠርሙስ ደግኑና ፍቱት። ከሌለው ቱቦውን ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ንቀሉና ወደ ጠርሙስ አዙሩት። ከዚያ መክፈቻውን ክፈቱ፣ ሰዓት ያዙ። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ግማሽ ሊትር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሞላ ሰላም ነው። ይሄ በሰዓት ሲሰላ 15 ሊትር ነው፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ትራክተር በሙሉ ጭነት ከሚጠጣው ይበልጣል።

መጀመሪያ አምስት ሰከንድ ጥሩ ፈስሶ መንጠባጠብ ከጀመረ አትደሰቱ። ያ መጀመሪያ የወረደው ቱቦውና ካርቡሬተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። የሚለካው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለዚህ ነው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ማየት ያለባችሁ፤ ብዙ ሰው «ይወርዳል ይወርዳል» ብሎ ወዲያው ይዘጋና ሌላ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። የምትችሉ ከሆነ ትንሽ ረዘም አድርጉት፣ በጠርሙስ እየቀያየራችሁ፣ የተቀዳውን በጨርቅ አጥልላችሁ ትመልሱታላችሁ።

አሁን ውጤቱን አንብቡ። እየቀነሰ ሄዶ ክዳኑ ሲከፈት ከተመለሰ መተንፈሻው ነው። ክዳኑ ክፍት ሆኖም ከቀነሰ መውጫው ላይ የሚለጠፍ ነገር አለ፣ ወይም ወንፊት ተደፍኗል። ከቱቦው ጫፍ በደንብ እየወረደ ከካርቡሬተሩ ሥር ግን ከቀጠነ ጥፋቱ ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ነው፣ ወንፊቷ ወይም ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን የምትዘጋው መርፌ። ሁለቱም ጋ ደህና ከሆነ ቤንዚን ካርቡሬተር ድረስ ደርሷል፣ ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ እርሱት።

ወንፊቶቹና ብርጭቆዋ

ፎርድ 8ኤን ላይ ሦስት ወንፊት አለ። አንዱ መክፈቻው ላይ ሆኖ ሰልባትዮው ውስጥ ይቆማል፣ ሁለተኛው ከመክፈቻው ሥር ቆሻሻና ውሃ የምትይዘው ብርጭቆ አናት ላይ ነው፣ ሦስተኛው ካርቡሬተሩ መግቢያ ክርን ውስጥ ተደብቋል። ሦስተኛውን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱን አጥቦ ሦስተኛውን የረሳ ሰው ትራክተሩን ይረግማል። ሌላ ሞዴል ከሆነ ቁጥሩ ሊለይ ይችላል፣ ግን መግቢያው ላይ ያለችውን ክርን ሳትፈቱ አትለፉ።

ብርጭቆዋን ለማውረድ መክፈቻውን ዝጉ፣ ከሥር ያለችውን ጠምዛዥ አላሉ፣ ወደ ጎን ገፋ አድርጉ። ቀይ ቡናማ ዱቄት ከታች ካለ ሰልባትዮው ዝጓል። ውሃ ካለ እንደ ትንንሽ ኳስ ሆኖ ተለይቶ ይታያል። ስትመልሱ ጋስኬቷን አዙራችሁ እዩ፣ ቡሽ ከሆነችና ከደረቀች ቀይሯት። በእጅ ብቻ ጥበቁ። በፒንሳ የጠበቀ ብርጭቆ ይሰነጠቃል፣ ምትኩን ፍለጋ ደግሞ ቀን ይፈጃል።

ሰልባትዮው ራሱ ከዛገ ማውረድ ነው። ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፣ ኦሞና ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ አንድ እፍኝ ጠጠር ወይም አጭር ሰንሰለት ከተቱና ሁለት ሰው ሆናችሁ ወዝውዙት። ዝገቱ ጠንካራ ከሆነ በኮምጣጤ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠጠሩን ቆጥራችሁ ካስገባችሁ ቆጥራችሁ ታወጣላችሁ። ከዚያ በደንብ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ተዉት፣ በመጨረሻ በትንሽ ቤንዚን አለቅልቁ። ቀዳዳ ካለው ብየዳ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው የበለጠ እንደሚፈነዳ እወቁ፣ ትነቱ ነው የሚፈነዳው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ አያስነኩት። ማሳ ላይ ለጊዜው የምትንጠባጠብ ቀጭን ቀዳዳ ግን በደረቅ ሳሙና ትደፈናለች፣ ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟም። ሲሊኮን ግን አትቀቡ፣ ይለሰልስና ተቆርሶ ወደ ካርቡሬተር ይሄዳል።

ቱቦና ፊልትሮ

ዋናው ቱቦ ብረት ወይ መዳብ ነበር፣ አሁን ምናልባት ግማሹ በጎማ ተተክቷል። ጎማ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል። ቆርጣችሁ እዩት። የውሃ ጎማ ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ አትግጠሙ፣ ለነዳጅ የተሠራ ይሁን፣ ጫፎቹ በፋሸታ (በማሰሪያ ቀለበት) ይታሰሩ። ቱቦው ከሰልባትዮ ሁልጊዜ ወደ ታች መውረድ አለበት። ወደ ላይ የሚቀለበስ ጉብታ ካለ አየር እዚያ ይቀመጣል።

ሰው በቀና ልብ የመኪና ወረቀት ፊልትሮ መሃል ላይ ይጨምራል። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ቤንዚን የሚፈጥረው ግፊት 0.04 ባር እንኳ አይሞላም። ጥቅጥቅ ያለው የመኪና ፊልትሮ ፖምፓ ከኋላው ይገፋዋል ተብሎ ነው የተሠራው። ፊልትሮ የግድ ካላችሁ ለሞተር ሳይክል የሚሆነውን፣ ወንፊት ያለውን ግጠሙ። በዚያው ሒሳብ የዘመናዊ መኪና የኤሌክትሪክ ፖምፓ መግጠም ትልቅ ስህተት ነው። እሱ 3 ባር አካባቢ ይገፋል፣ የካርቡሬተሩ መርፌ ልትቋቋመው አትችልም፣ ቤንዚኑ በላይ በኩል ይፈስሳል።

ትራክተራችሁ ፖምፓ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ መውጫውን ነቅላችሁ ጠርሙስ ደግኑ፣ የኮይሉን ገመድ ንቀሉ፣ ሞተሪኖውን ምቱ። በየተራ ፍጭት ፍጭት እያለ በጉልበት መውጣት አለበት። ከደከመ ውስጡ ያለችው ዲያፍራም (ቤንዚኑን የምትገፋው ስስ ሽፋን) ተሰንጥቃለች ወይም መግቢያው አየር ይስባል። የተሰነጠቀች ዲያፍራም ቤንዚኑን ወደ ዘይቱ ልትለቅ ትችላለች። የዘይት መለኪያዋን አውጥታችሁ አሽትቱ። መጠኑ ከፍ ብሎ ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሱ፣ ዘይቱ ይቀየር። ፖምፓ በሌለው ትራክተርም መርፌዋ ካልዘጋችና መክፈቻው ክፍት ካደረ ይሄው ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ሥራ ስትጨርሱ መክፈቻውን መዝጋት ልማድ የሚሆነው።

ሙቀትና ከፍታ

እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ግፊት ነው ያለው። ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም ቶሎ ይተናል። ቱቦው ከማኒፎልዱ ወይም ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠግቶ ካለፈ ቤንዚኑ ውስጡ ይፈላና እንፋሎቱ መንገድ ይዘጋል። ምልክቱ፦ በቀትር፣ በከባድ ጭነት፣ ወይም ሞቆ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ሲነሳ ያስቸግራል። እርጥብ ጨርቅ ቱቦው ላይ ጠቅልላችሁ ከተሻለው አገኛችሁት። መድኃኒቱ ቱቦውን ከሙቀቱ አርቆ ማሳለፍ፣ ካልሆነም በመሃል ቆርቆሮ መከለል ነው።

አሁን ካርቡሬተሩ

እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ይፈታ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ማስተካከያ መርፌዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻ እያጠበቃችሁ ስንት ዙር እንደሆኑ ጻፉ። ስታጠብቁ በጣት ስሜት ይሁን፣ ጫፏ ከተጎዳች ዳግም አታስተካክልም።

ውስጡ ያለችውን ተንሳፋፊ (ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ መርፌዋን የምታዘጋውን) ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቋት። ቤንዚን ከተንቦጫረቀባት ቀዳዳ አላት። ቀዳዳውን ለማግኘት ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትደፍቋት አረፋ ያወጣል። መርፌዋ ጫፍ ላይ ክብ ጎድጎድ ያለ መስመር ካበጀች አትዘጋም፣ ከነመቀመጫዋ ቀይሯት። የፎርዱ ማርቭል ሽብለር ካርቡሬተር ላይ የተንሳፋፊዋ ልክ ከጋስኬቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የፈርጉሰኑ ዜኒት ሌላ ስለሆነ የፎርዱን ቁጥር አትውሰዱለት።

ጄቶቹን፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን የናስ ቀዳዳዎች፣ በብረት ሽቦ አትጎርጉሩ። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣች አንዲት የመዳብ ክር ትበቃለች፣ ናስን አትሸረክትም። ቀሪውን ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አስነፉት፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በሌላኛው በኩል ሲወጣ በጣታችሁ ይሰማችሁ። ተንሳፋፊዋ ውስጥ እያለች አታስነፉ፣ ትጨፈለቃለች።

ስትመልሱት ፎርዱ ላይ መነሻ የሚሆነው ዋናውን መርፌ ከተዘጋበት አንድ ዙር ከሩብ ያህል፣ የሚኒሞውን (ሞተሩ ያለ ጭነት ቀስ ብሎ ሲሠራ የሚያገለግለውን) አንድ ዙር መክፈት ነው። ይሄ ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ታስቦ ነው። እኛ ጋ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ቤንዚን ይወፍርበታል፣ ጥቁር ጭስና ጥላሸታም ካንዴላ ከዚህም ይመጣል። ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ማረሻ አስነክሳችሁ እያረሰ ዋናውን መርፌ በጥቂት በጥቂቱ ዝጉ። መንገራገጭ ሲጀምር ትንሽ መልሱት። የሚኒሞው መርፌ በዚህ ካርቡሬተር ላይ አየርን ነው የሚቆጣጠረው፣ ስታጠብቁት ድብልቁ ይወፍራል፣ ከዋናው ተቃራኒ ነው። የአየር ፊልትሮውንም አትርሱ፣ በአቧራ ከታፈነ ቾክ ተስቦ እንደቀረ ነው የሚሠራው።

አንድ ትልም ደርሳችሁ ሞተሩን በጭነት ላይ እያለ አጥፉትና ካንዴላውን እንደገና ፍቱ። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ መርፌዋን አትንኩ፣ ዕቃችሁን ሰብስቡና ማሳውን ጨርሱ።